መዶሻው ከመነሳቱ በፊት፦ ስለ መታጠቢያ ቤት እድሳት የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ስለ ቤት እድሳት ጥያቄ ላኩልን ስንል የሳሎንና የማዕድ ቤት ጥያቄ ይበዛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አብዛኛው ግን ስለ መታጠቢያ ቤት ሆነ። አይገርምም። ከቤቱ ሁሉ ጠባቧ ክፍል ናት፣ ኪስ በማራገፍ ግን የሚስተካከላት የለም። ቧንቧ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ለሳኙ፣ ሴራሚክ አንጣፊውና ቀለም ቀቢው ሁሉም እዚያች ሦስት አራት ካሬ ቦታ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን ደግሞ አሳጥሬ እነሆ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ መታጠቢያ ቤታችንን ልናድስ ተነስተናል። ሴራሚኩ አርጅቷል እንጂ አልተሰባበረም፣ ቀለሙ ግን ያስጠላል። እሷ ደግሞ የሽንት ቤት መቀመጫው ከበሩ ፊት ለፊት መሆኑን ስለማትወደው ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ይዙር ትላለች። ያየልን ባለሙያ "ሁሉንም አፍርሰን ከዜሮ እንጀምር" አለን። የነገረን ዋጋ ካሰብነው እጥፍ ነው። ከየት እንቀንስ? (ግራ የገባው ባል)

መልስ፦ ከመዶሻው ቀንስ። አንድ ሴራሚክ ሲፈርስ አራት ጊዜ ነው የምትከፍለው። ለማፍረሻው፣ ፍርስራሹን ተሸክሞ ለሚያወጣው፣ የተቦረቦረውን ግድግዳ እንደገና ለሚለስነው፣ ከዚያ አዲሱን ለሚያነጥፈው። የአዲሱ ሴራሚክ ዋጋ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ስለ ዋጋ ከመከራከርህ በፊት "ምኑ ነው በእርግጥ መፍረስ ያለበት?" የሚለውን ጨርስ።

ከመቀመጫው እንጀምር። የመቀመጫው ፍሳሽ የሚወጣበት ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ 110 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በግፊት አይሠራም፣ በስሎፕ ብቻ ነው የሚፈሰው። በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ይዙር ማለት እንግዲህ ያንን የሚያህል ቧንቧ ከነስሎፑና ከነክርኑ (ከነመታጠፊያው) በወለሉ ውፍረት ውስጥ ቅበሩልኝ ማለት ነው። ወለሉ ያን ያህል ውፍረት ከሌለው ሁለት መንገድ ብቻ ይቀራል። ወይ ወለሉን ከፍ አድርጎ መግቢያው ላይ ደረጃ መሥራት፣ ወይ ከታች ባለው ፎቅ ኮርኒስ በኩል ማሳለፍ። ታችኛው ፎቅ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ስሎፑን አጭበርብሮ የሚሠራልህ ሰው አታጣም፤ በየጊዜው የሚደፈነውን ቧንቧ የምታስከፍተው ግን አንተ ነህ።

ለባለቤትህ አንድ ሐሳብ አቅርብላት። በሩ ወዴት ነው የሚከፈተው? ማጠፊያውን ወደ ሌላኛው ጎን ማዞር ወይም በሩን ተንሸራታች ማድረግ ብዙ ጊዜ መቀመጫውን ከዓይን ይሰውረዋል። ያ የአናጺ ሥራ ነው፣ ቢበዛ ቀለሙን ማስተካከል ይጠይቅሃል። የእጅ መታጠቢያውን ማዘዋወር ከፈለጋችሁ ግን እሱ ይቀላል። ማስወጫው 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዚያው ግድግዳ ላይ ትንሽ መግፋት ያን ያህል አያስቸግርም።

አሁን ወደ ሴራሚኩ። አንድ ሳንቲምና እርሳስ ያዝ። ከታች ጀምረህ እያንዳንዱን ሴራሚክ በሳንቲሙ ጠርዝ ቆርቆር አድርገው፣ መሃሉንም አራቱንም ጥግ። በደንብ የተያያዘው ድርቅ ያለ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው ባዶ ነገር እንደመምታት ያስተጋባል። ባዶ ድምፅ በሰጠው ላይ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ሲያልቅ ወደኋላ ብለህ ምልክቶቹ የት እንደተሰበሰቡ እይ። እዚህም እዚያም ተበታትነው ውሃ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ካሉ ተዋቸው። ሻወሩ ውስጥ፣ በተለይ ከሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ከሚቀላቅለው ቧንቧ) ስርና ከወለሉ በላይ ባሉት ሁለት ሦስት ረድፎች ላይ ከተከማቹ ግን ከኋላ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። መፍረስ ያለበት ያ ክፍል ነው፣ እሱ ብቻ።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው የድሮውን የሚመስል ሴራሚክ ፍለጋ በመዞር ነው። አታገኘውም፣ ብታገኘውም ቀለሙ ትንሽ ይለያል፣ ያ "ትንሽ" ደግሞ ከሩቅ ይጮሃል። ይልቅ ሆን ብለህ ፍጹም የተለየ ቀለም ምረጥና የሻወሩን ጥግ ብቻ በእሱ አልብሰው። ታስቦበት የተሠራ ይመስላል። ለቀረው ደረቅ ግድግዳ የሴራሚክ ቀለም የሚባል አለ፣ በደንብ ከጸዳና የራሱ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባው) ከተቀባ ይይዛል። ወለል ላይና ሻወር ውስጥ ግን አትሞክረው፣ ይላጣል። መስታወቱን፣ መብራቱን፣ ሚክሰሩንና የመቀመጫውን ክዳን ስትቀይር ክፍሉ ሌላ ይሆናል፤ ለዚህ ሁሉ አንድም መዶሻ አያስፈልግም።

ባለሙያውን ግን ሳትሰማ እንዳታባርረው። "ለምን ሁሉም?" ብለህ ጠይቀው። "አዲስ ቢሆን ይሻላል" ካለህ ሥራ እየፈለገ ነው፣ አይፈረድበትም። "ቧንቧዎቹ የድሮ ብረት ናቸው፣ ከውስጥ ዝገዋል" ካለህ ግን አድምጠው። ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል? ግፊቱ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄዷል? እንግዲያው ልክ ነው። የዛገ ቧንቧ ላይ አዲስ ሴራሚክ ማንጠፍ ነገ መልሶ ለማፍረስ መዘጋጀት ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌው ሴራሚክ ላይ አዲሱን መለጠፍ ይቻላል ይሉኛል። እውነት ነው ወይስ የሰነፍ ሥራ ነው? (ጥርጣሬ ያለባት)

መልስ፦ ይቻላል፣ የሰነፍ ሥራም አይደለም። ግን ሁኔታ አለው። አሮጌው ከላይ በነገርኩት የሳንቲም ፈተና ያለፈ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም አዲሱ የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ከኋላው እርጥበት ካለም አይሆንም። ከዚያ የሳሙናና የቅባት ቅሪቱ ተፍቆ ይነሳል፣ ለስላሳው ገጽ የሚይዝ ፕራይመር ይቀባል። ተራ ሲሚንቶና አሸዋ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ላይ አይይዝም። ማጣበቂያው ጥቅሉ ላይ "ሲ2" የሚል ምልክት ያለበት፣ የተሻሻለው ዓይነት መሆን አለበት።

ግድግዳ ላይ ብዙም ችግር የለውም። ወለል ላይ ግን ሁለቴ አስቢ። ማጣበቂያውና ሴራሚኩ ተደምረው ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይጨምራሉ። በሩ አልከፈት ይላል፣ የወለሉ ማስወጫ ከአዲሱ ወለል በታች ጎድጉዶ ይቀራል፣ መቀመጫውም ተነስቶ እንደገና መገጠም አለበት። በሩን መላጥና ማስወጫውን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከማፍረሱ ካልረከሰ ግን ምን ትርፍ አለው? ግድግዳው ሲሚንቶ ሳይሆን የጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ደግሞ ሁለት ድርብ ሴራሚክ መሸከሙን አስቀድመሽ አስጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሴራሚክ አንጣፊው "ሴራሚክ ራሱ ውሃ አያሳልፍም፣ ከስሩ የሚቀባው የውሃ መከላከያ ገንዘብ ማባከን ነው" አለኝ። ልቆጥብ ስለምፈልግ ልስማማ ነው። ልዝለለው? (ለመስማማት የተቃረበች)

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አትስማሚ። ከተላኩት ጥያቄዎች ሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ሰውዬው ግማሹን እውነት ነው የተናገረው። ሴራሚኩ ውሃ አያሳልፍም። በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ግራውት ግን ሲሚንቶ ነው፣ ሲሚንቶ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ጥጎቹም አሉ። ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ቦታ ሕንፃው ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣል። በየቀኑ ገላ በታጠባችሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ውሃ ይገባል። ለወራት ምንም አይታይም። ከዚያ የሚቀጥለው ክፍል ግድግዳ ቀለም ማበጥ ይጀምራል፣ ወይም የታች ጎረቤት በር ያንኳኳል። ያኔ ጥገናው የሚጀምረው አዲሱን ሴራሚክሽን በማፍረስ ነው።

የውሃ መከላከያው ለአንዲት ትንሽ መታጠቢያ ቤት አንድ ሁለት ባልዲ ነው። ከጠቅላላው ወጪ ጋር ስታስተያዪው ከትንንሾቹ አንዱ ነው። እዚህ ላይ ቆጥቦ ውድ ሚክሰር የሚገዛ ሰው አይገባኝም።

እንዴት እንደሚሠራ ካወቅሽ ቆመሽ ማየት ትችያለሽ። ልስኑ ደርቆ አቧራው ይጠረጋል። መጀመሪያ ጥጎቹና ቧንቧ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ይቀባል፣ እርጥብ እያለም ማጠናከሪያ ጨርቁ ይለጠፋል። ከዚያ ሙሉው ወለል፣ ወደ ግድግዳውም ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። በሻወሩ ግድግዳ ላይ ግን እስከ 2 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከሻወሩ ራስ በላይ ይወጣል። የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ ይቀባል። አንዱ ወደ ጎን ከሄደ ሌላው ወደ ላይ። አንድ ዙር ቀብቶ "በቃ ወፍራም አድርጌዋለሁ" የሚልሽን አትመኚው፣ ወፍራም አንድ ዙር ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

በደንብ ከደረቀ በኋላ ፈተናው ይመጣል። የወለሉን ማስወጫ ጥብቅ አድርገሽ ድፈኚ። ውሃው በበሩ እንዳይወጣ ደፉ ላይ መከለያ ይደረግ። ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሙዪ፣ የውሃው ጠርዝ ያረፈበትን ቦታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሪ። 24 ሰዓት ተይው። በማግስቱ መስመሩ ላይ ካለ ጥሩ። በትነት የምትጠፋው ከቁጥር አትገባም፤ በግልጽ ዝቅ ካለ ግን የሆነ ቦታ ያስገባል። ከታች ፎቅ ካለ ኮርኒሱንም እዩት። ሴራሚክ የሚነጠፈው ይህ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ቀዳዳውን ዛሬ ማግኘት ማለት አንድ ብሩሽ መንከር ነው።

እግረ መንገዴን ሌላም ልንገርሽ። ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ቧንቧዎቹ በፓምፕ በግፊት ይፈተኑ። ከተለመደው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ተደርጎ ጠቋሚው ሳይወርድ ይቆይ። ከዚያ ስልክሽን አውጪና ሜትር ግድግዳው ላይ አስደግፈሽ ቧንቧዎቹ የሚሄዱበትን ፎቶ አንሺ። ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል የሚበሳ ሰው ሲመጣ ትመርቂኛለሽ።

ጥያቄ፦ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መስመር ጠቁሯል። ምንም ባሸው አይለቅም። ሴራሚኩን ልቀይር? (እጄ የዛለ)

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ግራውቱን ብቻ ቀይር። በግራውት መፋቂያ ቢያንስ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ፍቀህ አውጣው፣ አቧራውን ጥረገው፣ አዲሱን ሙላ፣ ትርፉን በእርጥብ ስፖንጅ አንሳ። አሰልቺ ነው፣ ጉልበት ይጨርሳል፣ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ኪሎ ግራውትና የእረፍት ቀን ነው።

ሁሉም ጥግ ላይ፣ ማለትም ግድግዳ ከግድግዳ ወይም ግድግዳ ከወለል በሚገናኝበት፣ ግራውት ሳይሆን ለመታጠቢያ ቤት የተሠራ ሻጋታ የሚቋቋም ሲሊኮን ይገባል። አሮጌውን ሲሊኮን በምላጭ ጨርሰህ አውጣ፣ ቦታውን በአልኮል ጥረግ፣ ይድረቅ። አሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲስ አይይዝም። የገላ ገንዳ ካለህ ጠርዙን ሲሊኮን ከማድረግህ በፊት ገንዳውን በውሃ ሙላው። በክብደቱ ዝቅ ይልና ክፍተቱ እስከሚችለው ይከፈታል፤ ባዶውን ካደረግኸው ገና የመጀመሪያ ቀን ስትታጠብበት ይላቀቃል። ሲሊኮኑን 24 ሰዓት ውሃ አታስነካው።

በረኪናና ኮምጣጤን፣ ወይም በረኪናና ማንኛውንም አሲድ፣ አንድ ላይ እንዳትጠቀም። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ያውም በጠባብ ክፍል። አሲድ ደግሞ ግራውቱን ራሱን ይበላዋል፣ "ባሸው ባሸው" ስትል የባሰበት በዚያ ሊሆን ይችላል። ጥቁረቱ የሚመጣው ከእርጥበት ነው፣ ስለዚህ ከታጠብክ በኋላ አየር ካልወጣ አዲሱም ይጠቁራል። የአየር ማስወጫውን ፋን አጽዳ። በሩ ከስሩ ጥቂት ክፍተት ከሌለው ደግሞ ፋኑ የሚስበው አየር ስለማያገኝ በከንቱ ነው የሚጮኸው።

ጥያቄ፦ ዕቃውን ባለሙያው ይግዛ ወይስ እኔ ልግዛ? ክፍያውስ እንዴት ይሁን? ባለፈው እድሳት ቅድሚያ ከፍዬ ሰውዬው ጠፋብኝ። (የአራት ልጆች እናት)

መልስ፦ በከፋዩ ላይ የሚደርሰው እንዲህ ነው፣ አይዞዎት። የዕቃውን ግዢ ለሁለት ይመድቡት። ግድግዳ ውስጥ የሚቀረውን ሁሉ፣ ቧንቧውን፣ ክርኑን፣ ማጣበቂያውን፣ ባለሙያው በዝርዝር ይጻፍልዎት፣ ክፍያውን ግን እርስዎ ራስዎ ሱቁ ላይ ይፈጽሙ። ዓይን የሚያርፍበትን፣ ሴራሚኩን፣ ሚክሰሩን፣ መስታወቱን፣ እርስዎ መርጠው ይግዙ።

አንድ ነገር ግን አይለፍዎት። ሁሉም ዕቃ ከማፍረሱ በፊት ቤት ይግባ። ሠራተኛ ዕቃ ሲጠብቅ የሚውለው በእርስዎ ሒሳብ ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ሚክሰር ደግሞ እንደ ሞዴሉ ጥልቀቱ ይለያያል፣ ሳይታይ ቧንቧ አይዘረጋለትም። መቀመጫ ሲገዙም መጀመሪያ ፍሳሹ በወለል ነው በግድግዳ የሚወጣው የሚለውን ይዩ። በወለል ከሆነ ካለቀለት ግድግዳ እስከ ቀዳዳው መሃል ያለውን ርቀት ለክተው ሱቅ ይሂዱ። ያለዚያ የሚያምር መቀመጫ ገዝተው ከግድግዳው ጋር አልገጥም ብሎ መሃል ቤት ይቆማል።

ሴራሚክ ላይ የወለሉንና የግድግዳውን ካሬ አስልተው 10 በመቶ ይጨምሩ፣ በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ 15 በመቶ። ካርቶኖቹ ላይ የምርት ቁጥርና የቀለም ቁጥር አለ፤ ሁሉም አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፣ አለዚያ አንዱ ግድግዳ ትንሽ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ያልተከፈተ ካርቶን ይመልሱልኝ እንደሆነ ሳይከፍሉ ይጠይቁ። ጥቂት ትርፍ ግን ለነገ ጥገና ያስቀምጡ። በጣም ትልልቅ ሴራሚክ ለጠባብ ክፍል አይምረጡ፣ በየጥጉ እየተቆረጠ ግማሹ ቆሻሻ ይሆናል። የሚያዋጣው ምን መሰለዎት? ሱቆች ከትልቅ ትእዛዝ የተረፉ ጥቂት ካርቶኖች ይኖሯቸዋል። ለሳሎን ስለማይበቁ ማንም አይፈልጋቸውም። የመታጠቢያ ቤት ወለል ግን ሦስት አራት ካሬ ስለሆነ ልክዎ ናቸው፣ ዋጋው ላይም ይደራደራሉ።

ክፍያን በተመለከተ፣ ማንጠፍና መለሰን በካሬ ወይም በቁርጥ ይሁን። ምን እንደሚገኝ የማይታወቅበት የቧንቧ ጥገና ግን በቀን ቢሆን አይከፋም፤ በቁርጥ ካደረጉት ባለሙያው ለመጠባበቂያ አስቦ የእጅ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ገንዘቡ በሳምንት ሳይሆን በሥራው ደረጃ ይለቀቅ። ቧንቧው ተፈትኖ ሲያልፍ አንድ፣ የውሃ መከላከያው 24 ሰዓት ቆይቶ ሲያልፍ አንድ፣ ሴራሚኩ ሲያልቅ አንድ። የመጨረሻው አንድ አሥረኛ ሁሉም ነገር ተገጥሞ፣ ውሃ ፈስሶ፣ ጥቂት ቀን ከተሞከረ በኋላ። ሁሉም በጽሑፍ ይሁን፣ ዘመድም ቢሆን። በተለይ ዘመድ ከሆነ። ከጠቅላላው በጀት ከ10 እስከ 20 በመቶውን ደግሞ ማንም እንዳይነካው አድርገው ይሸሽጉ፣ ግድግዳ ሲከፈት የሚወጣው አይታወቅምና።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁሉንም በራሴ ልሠራው አስቤያለሁ። ዩቲዩብ ላይ ብዙ አይቻለሁ። የቱ ይከብዳል? (በራሱ የሚተማመን)

መልስ፦ ጋሼ ያልከኝን በይቅርታ አልፌዋለሁ።

ቀለም፣ ግራውት፣ ሲሊኮን፣ የመቀመጫ ክዳን፣ መስታወት፣ መደርደሪያ፣ አሮጌውን ዕቃ ፈቶ ማውጣት፣ ይሄ ሁሉ ያንተ ነው። ማፍረስም ይቻላል፣ ቧንቧና ሽቦ የት እንዳለ ካወቅክ፣ ውሃውንም መብራቱንም ከዘጋህ፣ መነጽርና ማስክ ካደረግክ። የፍሳሽ ቀዳዳዎቹን መጀመሪያ በጨርቅ ድፈናቸው፤ አንዲት የሴራሚክ ስባሪ ገብታ ቧንቧ ብትደፍን የቆጠብከው ሁሉ ይሄዳል።

ሚክሰርና የውሃ ቱቦ መቀየርም አይከብድም። ቴፍሎኑን (ውሃ እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመውን ስስ ቴፕ) ጥርሱ በሚዞርበት አቅጣጫ ጠምጥመው፣ በተቃራኒው ከሆነ ስታጠብቀው ይገለበጣል። በመፍቻ ደግሞ እልህ አትጋባ። ውስጡ ጎማ ያለውን ቱቦ በእጅህ እስኪቆም አጥብቅና በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ጨምር፣ ከዚያ በላይ ጎማውን ይቆርጠዋል። አሮጌ ቱቦ መልሰህ አትግጠም። ሌሊት ቢፈነዳ ማንም አያይም፣ ቤቱ ይጥለቀለቃል።

ኤሌክትሪኩን ግን እጅህን አታስገባበት። የውሃ ማሞቂያው ምድር ሽቦው በትክክል መታሰሩን፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስመር ላይም 30 ሚሊ አምፔር የሚያህል አነስተኛ ፍሰት ሲያመልጥ ራሱን የሚቆርጥ መከላከያ መኖሩን ባለሙያ ያረጋግጥልህ። እርጥብ ሰውነትና ኤሌክትሪክ ሙከራ አይወዱም። ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ ለማያያዝም ማሽኑ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፣ ቧንቧው ሲሞቅም ሲያያዝም የሰከንድ ልክ አለው። በጣም ከቆየ ይቀልጥና ውስጡ ይደፈናል፣ ካነሰ አይያያዝም። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ነገር የልምምድ ቦታ አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴ እኛ ዘንድ ልትኖር ልትመጣ ነው፣ ዕድሜዋ ገፍቷል። በትንሽ ወጪ ምን ላስተካክል? (ልጇ)

መልስ፦ እንኳን ደህና መጡልህ። ከሁሉ በፊት ወለሉን እይ። የሚያብለጨልጭ ወለል ካለ እሱ ይቀየር፣ ግድግዳው ይቆይ። ስትገዛ ለመንሸራተት መቋቋሚያው "አር10" ወይም "አር11" የሚል ደረጃ ያለውን ፈልግ። ሻወር ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ሴራሚክ ይሻላል፤ መስመሩ ስለሚበዛ እግር ይይዛል፣ ወደ ማስወጫውም ስሎፕ ለመስጠት ይቀላል።

መያዣ ብረት በመቀመጫው ጎንና በሻወሩ ውስጥ አስገጥም። ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥልበት ነገር ስለሆነ በሲሊኮን ወይም በመምጠጫ የሚለጠፈው ዓይነት አይሆንም። ግድግዳው ክፍት ብሎኬት ከሆነ ለክፍት ብሎኬት የተሠራ ማሰሪያ ይፈልጋል። ለማደስ የምታፈርስ ከሆነ ያ ቦታ ከመለሰኑ በፊት በኮንክሪት ይሞላ፣ ያኔ የሚጠይቅህ ጥቂት ሲሚንቶ ነው። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነም ወደ ውጭ አዙረው። እሳቸው ውስጥ ቢወድቁ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ይደገፋቸውና ማንም ገብቶ አያነሳቸውም።

ጥያቄ፦ የመቀመጫው ታንከር ሌሊቱን ሙሉ ሲንሾካሾክ ያድራል። ሙሉውን መቀመጫ እንቀይር ወይ ተባብለን ተጣልተናል። (እንቅልፍ ያጡ)

መልስ፦ አትጣሉ፣ አትቀይሩም። ታንከሩ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምሩና ሳትለቁት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ወይ ከታች ያለው መዝጊያ ጎማ አልቋል፣ ወይ ውሃው ከልክ በላይ እየሞላ ይፈሳል። የቱ እንደሆነ ለመለየት ክዳኑን አንሱና ውሃው መሃል ላይ በቆመው የትርፍ ውሃ ቱቦ አናት በኩል እየገባ እንደሆነ እዩ። ካልገባ ያለቀው ጎማው ነው። ከገባ ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርጉት፣ ውሃው ከቱቦው አናት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ዝቅ አድርጋችሁትም ውሃው ካላቆመ መሙያው ቫልቭ ነው የሚቀየረው። ጎማውም ቫልቩም ለየብቻ ይሸጣሉ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

መቀመጫው ራሱ የሚቀየረው ከተሰነጠቀ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሿን የውሃ መዝጊያ አዙሩ። አልዞርም ካለች አታስገድዷት፣ ዋናውን ውሃ ዝጉና መጀመሪያ እሷን ቀይሩ።